ማርሻል ቮባንና የንጉሣዊው አሥራት ሒሳብ

በመደብ በተከፋፈለ ኅብረተሰብ ውስጥ ግብር የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ማን ይክፈል፣ ከምን ላይ ይከፈል፣ የሚከፈለውስ በምን ይመዘን የሚሉት ጥያቄዎች የመንግሥት ሥልጣን በየትኛው መደብ እጅ እንዳለ ከማናቸውም አዋጅ ይልቅ አጋልጠው ያሳያሉ። የአንድ ነጋዴ ወይም የአንድ እጅ ባለሙያ ግብር የሚሰላው ባለው ንብረት ነው ወይስ በሚያገኘው ገቢ የሚለው ጥያቄ በግብር መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የሚነሣ ተራ የአሠራር ጥያቄ ይምሰል እንጂ፣ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት በፈረንሳይ አንድ መጽሐፍ እንዲታገድ፣ አንድ የጦር ማርሻልም የሕይወቱን የመጨረሻ ሳምንታት በጭንቀት እንዲያሳልፍ ምክንያት ሆኗል። ያ ሰው ሴባስቲየን ለ ፕሬትር ደ ቮባን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቮባን የተወለደው በ1633 ሲሆን፣ የትውልድ ቦታው በቡርጎኝ፣ በሞርቫን ተራሮች አካባቢ የምትገኝ ሴን ሌዤ ደ ፉሽሬ የተባለች አነስተኛ መንደር ናት። ቤተሰቡ ከመኳንንት ወገን ቢቆጠርም ስሙ እንጂ ሀብቱ አልቀረለትም ነበር። ስለዚህ ልጁ ያደገው ከገበሬው ኑሮ ብዙም ባልራቀ ሁኔታ ነው። በ1651 ገና ወጣት ሳለ ወደ ጦር ሠራዊት ሲገባ የተሰለፈው በንጉሡ ወገን ሳይሆን በንጉሡ ላይ ካመፀው ከልዑል ኮንዴ ጦር ጋር ነበር። በ1653 ተማርኮ ሲቀርብ ካርዲናል ማዛራን ችሎታውን ተመልክቶ ወደ ንጉሡ አገልግሎት አዛወረው፤ በ1655ም የንጉሥ መሐንዲስ ተባለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ለሉዊ 14ኛ ያለው ታማኝነት ተናግቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ቮባንን አብዮተኛ አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማጣመም ይሆናልና።

በጦርነት ሙያ የነበረውን ድርሻ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1667 የሊል ከተማ ከተያዘች በኋላ በዚያ የሠራው ታላቅ ምሽግ ዝናውን አጸናለት። በ1673 ማስትሪኽት ስትከበብ፣ ወታደሩ ከግንቡ ትይዩ በተቆፈሩ ተከታታይ ጉድጓዶች ተሸፍኖ ደረጃ በደረጃ እንዲጠጋ በማድረጉ፣ ከተማይቱ ቁፋሮው በተጀመረ በ13 ቀን ውስጥ እጇን ሰጠች። በ1678 የምሽጎች ጠቅላይ ኮሚሳር ሆነ፤ በ1703 የፈረንሳይ ማርሻልነት ማዕረግ ተሰጠው። ከሠራቸውና ካደሳቸው በርካታ ምሽጎች መካከል 12ቱ ሥፍራዎች በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። የከበባ ዘዴው ዓላማ አፈር በብዛት ቆፍሮ የወታደርን ደም መቆጠብ ነበር።

ሆኖም እነዚህ ድሎች ያለ ወጪ የተገኙ አልነበሩም። ከ1672 እስከ 1678 ከሆላንድ ጋር፣ ከ1688 እስከ 1697 ቃል ኪዳን ከገቡ የአውሮፓ መንግሥታት ጋር፣ ከ1701 ጀምሮ ደግሞ በስፔን ዘውድ ውርስ ምክንያት የተካሄዱት ጦርነቶች፣ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ብክነትም ተጨምሮባቸው፣ በአብዛኛው የተከፈሉት ከገበሬው ጎተራ ነበር። ስለዚህ ቮባን በአንድ እጁ የሚገነባው ምሽግ፣ በሌላ እጁ የሚጽፍለትን ድኃ ይበልጥ ያደኸይ ነበር ማለት ነው። ይህን ተቃርኖ እርሱ ራሱ እስከ መጨረሻው ድረስ አጥርቶ ያየው አይመስልም። ግብሩ እንዴት እንደሚሰበሰብ መረመረ እንጂ ግብሩ ለምን እንደዚያ እንደበዛ ወደ መጠየቁ አልደፈረም።

ነገር ግን ከሌሎቹ የንጉሡ ሹማምንት የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው፤ አገሩን በእግሩ ያውቃል። በቤተ መንግሥት የሚቆይበት ጊዜ ጥቂት ነበር። በሁለት በቅሎዎች መካከል በተንጠለጠለ ዝግ መቀመጫ ውስጥ ሆኖ ጸሐፊውን እያስጻፈ ከድንበር ወደ ድንበር ለአርባ ዓመታት ያህል ተመላለሰ። በደረሰበት ሁሉ ይጠይቃል፣ ይቆጥራል፣ ይለካል። በምሽግ ሥራ ላይ አንድ ሠራተኛ ምን ያህል አፈር ቆፍሮ በእጅ ጋሪ ሊያጓጉዝ እንደሚችል አጥንቶ የሥራና የክፍያ ደንብ አወጣ። በ1683 ለጦር ሚኒስትሩ ለሉቯ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሥራን ሁልጊዜ በዝቅተኛ ዋጋ ለሚጫረት ተቋራጭ መስጠት ተቋራጩን ለኪሳራና ለማጭበርበር፣ ሥራውንም ለብልሽት እንደሚዳርግ በድፍረት አስረድቶ፣ ለሥራው ተገቢው ዋጋ ይከፈል ሲል አሳሰበ። በ1686 ሕዝብ የሚቆጠርበትን ባለ ሠንጠረዥ ቅጽ አዘጋጅቶ አሳተመ። በ1689 ደግሞ፣ ንጉሡ በ1685 የናንት ድንጋጌን በመሻር ለስደት የዳረጋቸው ፕሮቴስታንቶች እንዲመለሱ ማስታወሻ ጻፈ፤ ዋናው ክርክሩም የሃይማኖት አልነበረም፤ ስንት የእጅ ባለሙያ፣ ስንት መርከበኛ፣ ምን ያህል ገንዘብ ከአገር እንደወጣ ይቆጥር ነበር። እንዲያውም ከአንዲት እናት አሳማ በጥቂት ትውልዶች ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ዝርያ ሊገኝ እንደሚችል አስልቶ ጽሑፍ አዘጋጅቷል። አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል። ሥጋ በዓመት ሦስት ጊዜ እንኳ የማይቀምስ ገበሬ ያየ ሰው የጻፈው ነውና ቀልድ አልነበረም።

ከሁሉ አብልጦ ያስቆጣው «ታይ» የሚባለው ቀጥተኛ ግብር ነበር። አሠራሩን ቀረብ ብሎ መመልከት ይገባል። በየዓመቱ የንጉሡ ምክር ቤት የሚሰበሰበውን ጠቅላላ ገንዘብ አስቀድሞ ይወስናል። ይህ ድምር ለየግዛቱ፣ ከየግዛቱ ለየወረዳው፣ ከየወረዳው ለየአጥቢያው ይደለደላል። በአጥቢያው ውስጥ ከነዋሪዎቹ መካከል የሚመረጡ ሰዎች ድርሻውን በየቤቱ ያከፋፍላሉ፤ በዓመትም በአራት ጊዜ ከፍለው ይሰበስባሉ፤ ቢጎድል እነርሱው በንብረታቸው ይጠየቃሉ፣ ይታሰራሉም። መኳንንትና ካህናት ከዚህ ነፃ ናቸው፤ ሹመት በገንዘቡ የገዛ የከተማ ከበርቴም ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው። በደቡብ በሚገኙ አንዳንድ ግዛቶች ታይ የሚጣለው በተለካ መሬት ላይ ሲሆን፣ በቀረው ሰፊ የአገሪቱ ክፍል ግን የሚጣለው በሰውዬው ላይ፣ አቅሙ በዓይን ተገምቶ ነበር። የሰውን ገቢ የሚያሳይ መዝገብ በሌለበት፣ ገማቹ ሊቆጥር የሚችለው የሚታየውን ብቻ ነው፤ በረት ውስጥ ያለችውን ላም፣ ደጅ የቆመውን ጋሪ፣ የሰውዬውን ልብስ።

ከዚህ የሚከተለውን ቮባን በዝርዝር ዘግቦታል። አንድ ወይም ሁለት ላምና ጥቂት በጎች አርብቶ መሬቱን በፍግ ሊያዳብር የሚችል ገበሬ፣ በሚመጣው ዓመት ግብሩ እንዳይከብድበት ሲል ከብቱን ይተዋል። ጉልበቱና ሙያው የሚፈቅድለትን ያህል አይሠራም፤ ቡትቶ ለብሶ ይታያል፤ ወይኑን ሳይኮተኩት ይተዋል። ገማቾቹም ለዘመድ ያቃልላሉ፣ በጠላት ላይ ያከብዳሉ። የትልቅ ጌታ ጭሰኛ በጌታው አማላጅነት ሲያመልጥ፣ ጠባቂ የሌለው የሁለቱንም ይሸከማል። መክፈል ላቃተው የቤት ዕቃው ከተሸጠ በኋላ የቤቱ በር ከማጠፊያው ይነቀላል፤ ቤት ፈርሶ አግዳሚውና ሳንቃው ከዋጋው አምስትና ስድስት እጅ አንሶ የተሸጠበትም ጊዜ ነበር። ግብሩ የተጣለው በሀብት ላይ ነው ይባል እንጂ፣ በተግባር የተጣለው በምርት መሣሪያ ላይ ነበር፤ ያመረተ ይቀጣል፣ የደበቀ ያተርፋል፣ መብት ያለው ደግሞ ከነጭራሹ አይጠየቅም።

በ1693 እና በ1694 አዝመራው ተበላሽቶ በፈረንሳይ ታላቅ ረሃብ ሆነ፤ በታሪክ ተመራማሪዎች ግምት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለቀ። በዚያው በ1694 ቮባን ማንንም የማይለይ የነፍስ ወከፍ ግብር እንዲጣል ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት በ1695 በዚህ ስም ግብር አወጣ፤ ነገር ግን ሕዝቡን በ22 ደረጃ ከፍሎ እንደየማዕረጉ ከ2,000 ሊቭር እስከ 1 ሊቭር አስከፈለ። መኳንንቱ እንዲከፍሉ መደረጋቸው አዲስ ነገር ነበር፤ መለኪያው ግን ማዕረግ እንጂ ገቢ ስላልነበረ፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ባለጸጋና ድኃ እኩል ከፈሉ። ታይም አልተሻረም።

ቮባን በጥር 1696 የትውልድ አካባቢውን፣ የቬዝሌን ወረዳ፣ የሚመለከት ጥናት ጻፈ። ቤቱን፣ ሰዉን፣ ከብቱን፣ የሚታረሰውንና ጠፍ የሆነውን መሬት በየአጥቢያው ቆጠረ። ሕዝቡ የሚበላው ሳይነፋ የተጋገረ የገብስና የአጃ ዳቦ መሆኑን፣ ክረምት ከበጋ የሚለብሰው የተቦጫጨቀ ልብስ መሆኑን መዘገበ። በዚያን ዘመን ስለ ድኃ ማዘን በስብከት ውስጥ ሞልቶ ነበር። አዲሱ ነገር ድህነትን በሠንጠረዥ ማስፈሩ ነው፤ ምክንያቱም በቁጥር የተጻፈ ድህነት ተጠያቂ ይፈልጋል።

«ንጉሣዊ አሥራት» የተባለውን መጽሐፍ በ1698 ገደማ ጀምሮ በ1700 ረቂቁን ለንጉሡ አቀረበ። በመጽሐፉ የፈረንሳይ ሕዝብ ብዛት 19,094,146 ሆኖ ተቀምጧል። ከዚህ ሕዝብ ከ10 እጅ አንዱ ለማኝ ሆኗል፤ 5ቱ እጅ ለዚያ ለማኝ ምጽዋት የመስጠት አቅም የላቸውም፤ 3ቱ እጅ በዕዳና በክርክር የተጨነቁ ናቸው፤ በቀረው አንድ እጅ ውስጥ መኳንንቱ፣ ሹማምንቱ፣ ካህናቱና ትልልቆቹ ነጋዴዎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም በእውነት በድሎት የሚኖሩት 10,000 ቤተሰብ አይሞሉም። ይህ እንግዲህ የመደብ ትንተና የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ የጦር ሰው ያዘጋጀው የመደብ ሠንጠረዥ ነው።

የሐሳቡ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ታይ፣ የአገር ውስጥ ኬላዎች፣ በመጠጥ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ይሻሩ፤ በምትካቸው ቄስም ሆነ መኳንንት፣ ሹምም ሆነ ገበሬ፣ ገቢ ያለው ሁሉ ከገቢው ይክፈል። መጠኑ በደኅናው ጊዜ ከ20 እጅ አንድ ይሁን፤ መንግሥት ሲቸገር ቀስ በቀስ ከፍ ይበል፤ ከ10 እጅ አንድ ግን ፈጽሞ አይለፍ። የግብሩ ምንጮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ስትሰበስበው በኖረችው ዓይነት ከመሬት ፍሬ በዓይነት የሚወሰድ አሥራት ነው። ሁለተኛው ከቤት ኪራይ፣ ከወፍጮ፣ ከደመወዝ፣ ከጡረታ፣ ከእጅ ሥራና ከንግድ ገቢ ይከፈላል። ሦስተኛው ዋጋው ተቃሎ በየቦታው እንዲስተካከል የታሰበው የጨው ግብር ሲሆን፣ አራተኛው ከንጉሡ ርስትና ከመሳሰለው የሚገኝ ቋሚ ገቢ ነው። በዝቅተኛው መጠን ሲታሰብ ከአራቱ በየተራ 60,000,000፣ 15,422,500፣ 23,400,000 እና 18,000,000፣ በድምሩ 116,822,500 ሊቭር ይገኛል ብሎ ገመተ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ምንጭ ነበር። የመሬት ፍሬ በአውድማ ላይ ይታያል፤ የእጅ ባለሙያ ገቢ ግን በየት ይታያል? ቮባን የሸማኔን ምሳሌ ወሰደ። ከዓመቱ 365 ቀናት ላይ 52 እሑዶችን፣ 38 በዓላትን፣ በውርጭ ምክንያት ሥራ የሚቆምባቸውን 50 ቀናት፣ ለገበያና ለመሳሰለው የሚጠፉ 20 ቀናትን፣ ለሕመም 25 ቀናትን ቀነሰ። የቀሩት 180 የሥራ ቀናት ናቸው። ሸማኔው በቀን 12 ሱ ቢያገኝ፣ 20 ሱ አንድ ሊቭር ስለሆነ፣ የዓመት ገቢው 108 ሊቭር ይሆናል። በዓላት በበዙበት አገር ያደገ አንባቢ የዚህን ቅነሳ ትርጉም ሳይነግሩት ይረዳዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ የታሰበው መጠን ከ30 እጅ አንድ ስለሆነ፣ ግብሩ 3 ሊቭር ከ12 ሱ ነው።

ሒሳቡን ከዚህ አላቆመም። ሙያ የሌለውን የገጠር የቀን ሠራተኛ ወስዶ፣ ገቢውን ከፍ አድርጎ 90 ሊቭር ብሎ ያዘ። ግብሩ በከፋ ጊዜ በእጥፍ አድጎ 6 ሊቭር ቢሆን፣ ለአራት ሰው የሚበቃው ጨው ደግሞ 8 ሊቭር ከ16 ሱ ቢያስወጣ፣ 75 ሊቭር ከ4 ሱ ይቀራል። ለዓመት እንጀራ የሚሆነው፣ ስንዴ ከሌላ ዝቅ ያለ እህል ጋር ተቀላቅሎ፣ 60 ሊቭር ይፈጃል። ስለዚህ ለቤት ኪራይ፣ ለልብስ፣ ለሥራ መሣሪያ፣ ለሌላው ሁሉ የሚተርፈው 15 ሊቭር ከ4 ሱ ብቻ ነው። ይህም ስለማይበቃ ሚስቲቱ ፈትላና ሰፍታ፣ ጓሮ ኮትኩታና ዶሮ አርብታ መጨመር አለባት። ያልተከፈለ የሴት ድካም በመንግሥት የግብር ሒሳብ ውስጥ እንዲህ በግልጽ ተቆጥሮ መገኘቱ በዚያ ዘመን ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም። አብዛኞቹ የግብር ሊቃውንት ከድኃው ምን ያህል ይወሰድ ብለው ሲጠይቁ፣ ቮባን ከተወሰደ በኋላ ምን ይተርፈዋል ብሎ ጠየቀ።

የአሠራሩን ጉድለትም መሸፈን አይገባም። የሸማኔው ገቢ ከመዝገብ የተገኘ ሳይሆን በሥራ ቀናትና በተለመደ የቀን ሂሳብ የተገመተ ነው፤ በኋላ ዘመን ትንንሽ ነጋዴዎች ቁርጥ ግብር ብለው የሚያውቁት ዓይነት ስሌት ማለት ነው። ልዩነቱ ግምቱ በሰውዬው በረትና ልብስ ላይ ሳይሆን ለሙያው ሁሉ በአንድ ልክ የተሠራ በመሆኑ፣ ሁለተኛ ላም የገዛ ሰው አይቀጣም። ትልቁን ነጋዴ ግን ንግድ እንዳይቀዘቅዝ በሚል እጅግ በቀላሉ ሊያሳልፈው ፈለገ፤ በዚህ ላይ የከበርቴው መደብ ጥቅም በግልጽ ይታያል። አሥራቱም ለሀብታሙና ለድኃው አንድ እጅ ስለሆነ፣ ገቢ ሲጨምር እጁ አብሮ አይጨምርም። በሌላ በኩል አሥራቱ በዓይነት እንዲሰበሰብ ማለቱ ኋላ ቀርነት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ካርል ማርክስ በካፒታል የመጀመሪያ ቅጽ ቮባንንና የዘመኑን ሰው ቧጊልቤርን በስም አንሥቶ፣ የፈረንሳይ ገበሬ የተጎሳቆለው በግብሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን በዓይነት ይከፈል የነበረው ወደ ገንዘብ በመለወጡም ጭምር መሆኑን አስገንዝቧል። ገንዘብ ለማግኘት ሲል ገበሬው እህሉን በረከሰ ዋጋ ለነጋዴው ይጥላልና።

በእኛም አገር አሥራት የሚለው ቃል ሩቅ አይደለም። ከእርሻ የሚወሰደው አሥራት ተሽሮ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በ1967 ሲተካ፣ በወረቀት ላይ የተሻለ ፍትሕ ይመስል ነበር። ነገር ግን ገቢውን የሚገምቱት የዚያው የባላባታዊው ሥርዓት ሰዎች በመሆናቸውና ገበሬው ልኬታውን ርስቱን እንደሚነጥቀው አድርጎ በማየቱ፣ በ1968 የጎጃም ገበሬ ጠመንጃ አነሣ።

ወደ ቮባን እንመለስ። ንጉሡ ረቂቁን ቢቀበልም ሥራ ላይ አላዋለውም። ምክንያቱን ለመረዳት የሚያዳግት አይደለም። ግብር በኮንትራት ገዝተው የሚሰበስቡት ባለገንዘቦች፣ ሹመታቸውን በዋጋ የገዙት ሹማምንት፣ ነፃ መሆንን እንደ ክብር የሚቆጥሩት መኳንንት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚነካባቸው ነገር ነበር። ለመንግሥት ገንዘብ የሚያበድሩትም እነዚሁ ባለገንዘቦች ነበሩ፤ ጦርነት ላይ ያለ ንጉሥ አበዳሪዎቹን አያስቀይምም። ማርሻሉ ሲያረጅና ትዕግሥቱ ሲያልቅ መጽሐፉን ያለ ፈቃድና ያለ ደራሲ ስም አሳትሞ ለወዳጆቹ ማደል ጀመረ። የንጉሡ ምክር ቤት በየካቲት 14 ቀን 1707 መጽሐፉ እንዲሰበሰብ ወሰነ፤ መጋቢት 14 ቀን ውሳኔውን ደገመ። ቮባን በመጋቢት 30 ቀን 1707 በ73 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

መስፍኑ ሴን ሲሞን በማስታወሻው ማርሻሉ በንጉሡ ፊት ሞገስ አጥቶ በኀዘን እንደሞተ ጽፎ፣ ይህ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ነገሩ የተጋነነ ነው። ውሳኔዎቹ ስሙን አልጠቀሱም፤ ማዕረጉም አልተነካም፤ የደረት ሕመምም ነበረበት። የፖሊስ ፍለጋ መጀመሩን ሲሰማ መጨነቁ ግን እውነት ነው። አንድን ሥርዓት ለመክሰስ የሰው ልብ መሰበር አያስፈልግም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለውን ሰው ሠንጠረዥ መሸከም አለመቻሉ በቂ ማስረጃ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1710፣ ጦርነቱ ግምጃ ቤቱን ባዶ ሲያደርገው፣ ያው መንግሥት ከሁሉም ገቢ ላይ ከ10 እጅ አንድ የሚወስድ ግብር አወጀ። የቮባን ሐሳብ ድል ያደረገ ይመስል ነበር። ነገር ግን ቮባን በታይ ምትክ ያለውን፣ መንግሥት በታይ ላይ ጨመረው። ካህናቱም አንድ ጊዜ ገንዘብ ከፍለው ከግዴታው ወጡ፤ ድኃው ሁለቱንም ተሸከመ።

ታይን የሻረው የ1789 አብዮት ነው። አብዮቱ ግን የታሪክ ፍርዱን በከበርቴው መደብ እጅ ስለሰጠ፣ በ1791 በነጋዴውና በእጅ ባለሙያው ላይ «ፓታንት» የተባለ የሥራ ግብር ሲቋቋም፣ ስሌቱ በትርፍ ላይ ሳይሆን በሱቁና በቤቱ የኪራይ ዋጋ ላይ ሆነ። የሒሳብ መዝገብ እንዳይመረመር የፈለገ መደብ ከገቢው ይልቅ ደጁን ማስቆጠር መረጠ። ፓታንት እየተሻሻለ እስከ 1975 ቆየ፤ በምትኩ የመጣው ግብርም በዋናነት የድርጅቶችን ሕንፃና መሣሪያ እንዲሁም የሠራተኞችን ደመወዝ ተመልክቶ የሚሰላ ሆኖ በ2010 ቀረ። በዚህ መካከል ናፖሌዎን በ1808 የቮባን ልብ ከባዞሽ ወጥቶ በፓሪስ አንቫሊድ በክብር እንዲያርፍ አድርጓል። በጠቅላላ ገቢ ላይ የተመሠረተ ግብር ግን በፈረንሳይ ሕግ ሆኖ የወጣው በሐምሌ 15 ቀን 1914 ነው፤ ሴኔቱ ለዓመታት ሲያጓትተው ኖሮ ያሳለፈው ጦርነት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነበር። ሥራ ላይ የዋለው በ1916 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ገበሬው ቬርደን ላይ፣ ቮባን ባጠናከራት ከተማ ዙሪያ፣ በጉድጓድ ውስጥ ነበር።